ድርብ አልበም አድናቂን ለምን ይከፍላል? የአይረን ሜይደን ‹‹ሰንጁትሱ›› እና የአንጋፋ ሮክ ባንዶች ረጅም ሥራዎች

የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ አይረን ሜይደን 17ኛ የስቱዲዮ አልበሙን ‹‹ሰንጁትሱ››ን ሴፕቴምበር 3 ቀን 2021 ሲያወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አዲስ ሥራ ሲጠብቁ የቆዩት አድናቂዎቹ በአንድ ልብ አልተቀበሉትም። አንዱ ወገን ባንዱ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ከሠራቸው ሁሉ የላቀ ነው አለ፤ ሌላው ወገን ግማሹ ተቆርጦ ቢወጣ ይሻል ነበር አለ፤ በመካከል ያለው ደግሞ ጥቂት ዘፈኖችን መርጦ የቀሩትን እያለፈ መስማት ጀመረ። በገበያው በኩል አልበሙ አልወደቀም። በብሪታንያ ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በአሜሪካ 3ኛ ሆኖ ነው የገባው፤ የአሜሪካው ደረጃ እንዲያውም ባንዱ እስከዚያ ድረስ እዚያ ካገኘው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ስለዚህ ማብራሪያ የሚሻው ነገር አልበሙ ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም የሚለው ሳይሆን፣ አንድን ባንድ ለረጅም ዘመን የወደዱ ሰዎች ያንኑ ሥራ በዚያው ሳምንት ሰምተው ይህን ያህል የተራራቀ ፍርድ ላይ እንዴት ሊደርሱ ቻሉ የሚለው ነው።

ጉዳዩን ‹‹ሁሉም እንደየምርጫው ነው›› ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ምንም አያስረዳም። እኔ እንደማየው አድናቂዎች አልበሙን ወደድነው ወይም ጠላነው ሲሉ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። አንዱ ስለ ዘፈኖቹ ጥራት፣ ሌላው ስለ ርዝመቱ፣ ሦስተኛው ስለ ቀረጻው፣ ሌላው ደግሞ ባንዱ በሕይወቱ ውስጥ ስላለው ቦታ ነው የሚመልሰው። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ አልበም እነዚህን ጥያቄዎች አቀላቅሎ ያልፋቸዋል። ከሰማንያ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ግን አድማጩን ብዙ ጊዜና ትዕግሥት ስለሚጠይቀው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻው ያወጣዋል።

በመጀመሪያ ድርብ አልበም ምን እንደሆነ በትክክል መረዳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ነገሩ ከሙዚቃው ይልቅ ከሚቀረጽበት ዕቃ የመጣ ነው። በሸክላው ዘመን አንዱ ገጽ በጥሩ ድምፅ የሚይዘው 22 ደቂቃ ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ እንዲይዝ ከተፈለገ መርፌው የሚሄድባቸው መስመሮች ይበልጥ መጠጋጋት ስለሚኖርባቸው፣ የድምፁ ኃይል ይቀንሳል፣ ቤዙም ይሳሳል። በዚህ የተነሳ አንድ አልበም አርባ ደቂቃ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ሆነ፤ አይረን ሜይደን ራሱ በ1982 ያወጣው ‹‹ዘ ነምበር ኦቭ ዘ ቢስት›› አርባ ደቂቃ አይሞላም። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ያለው ባንድ ሁለት ሸክላ ማውጣት ነበረበት። ይህም አራት ገጽ፣ ማለትም አራት መጀመሪያና አራት መጨረሻ ማለት ነው። አድማጩም በየሃያ ደቂቃው ተነስቶ ሸክላውን ሲገለብጥ፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ ያርፍ ነበር።

ሲዲ ሲመጣ ይህ ዕረፍት ቀረ። በመጀመሪያ 74 ደቂቃ፣ በኋላም እስከ 80 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚይዝ ዕቃ ሲገኝ፣ የአልበም ርዝመት ድንበሩ ራቀ፤ ሆኖም ድንበሩ አልጠፋም። ሜታሊካ በ1996 ‹‹ሎድ››ን ሲያወጣ አልበሙ በአንድ ሲዲ ላይ ጠርዝ ድረስ ሞልቶ ስለነበር፣ የመጨረሻው ዘፈን ‹‹ዘ አውትሎ ቶርን›› እንዲገባ አንድ ደቂቃ ያህል ተቆርጦለታል፤ ሙሉው ቅጂ የወጣው በኋላ ከሌላ ነጠላ ዜማ ጋር ነው። ይኸው ባንድ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2016 ያወጣው ‹‹ሃርድዋየርድ... ቱ ሰልፍ ዲስትራክት›› 77 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ በአንድ ሲዲ ሊገባ እየቻለ ስድስት ስድስት ዘፈን ሆኖ በሁለት ተከፈለ። ‹‹ሰንጁትሱ›› ደግሞ 82 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከአንድ ሲዲ አቅም የሚበልጠው በሁለት ደቂቃ ገደማ ነው ማለት ነው። ከሦስቱ የምንረዳው፣ ድርብ የሚለው ስም የርዝመት መለኪያ ብቻ እንዳልሆነና አድማጩ አልበሙን እንዴት ከፋፍሎ እንዲሰማው እንደተፈለገ የሚናገር ውሳኔ መሆኑን ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው አልበሙን የሚሰማው በስልኩ ስለሆነ፣ ባንዱ ያሰበው ዕረፍት አይደርሰውም። አሥሩ ዘፈኖች እንደ አንድ ረጅም ዝርዝር ይመጡበታል፤ ሁለተኛው ዲስክ የት እንደሚጀምርም ላያውቅ ይችላል። ‹‹አልበሙ አያልቅም›› ከሚሉት አድናቂዎች ብዙዎቹ ቅሬታቸው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለው መከፋፈል አዲስ አይደለም። ቢትልስ በኖቬምበር 1968 ያወጡት፣ በሽፋኑ ምክንያት ‹‹ነጩ አልበም›› እየተባለ የሚጠራው ሥራ 30 ዘፈኖች ነበሩበት፤ ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ራሱ ምርጦቹ ተለይተው ባለ አንድ ሸክላ አልበም እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ክርክሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አላለቀም። ነገር ግን የሚቆረጠው ይኸኛው ነው፣ ያኛው ነው ሲባል አንዱ አድማጭ ከሌላው ስለማይስማማ፣ ሁሉም የሚቀበለው አጭር ቅጂ እስካሁን አልተገኘም። ‹‹ግማሹ ይቆረጥ›› የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር የትኛው ግማሽ እንደሆነ መጠየቅ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በ‹‹ሰንጁትሱ›› ክርክርም አንዱ ወገን የመጨረሻዎቹ ሦስት ረጃጅም ዘፈኖች ይውጡ ሲል፣ ሌላው ወገን አልበሙን ያዳኑት እነዚያው ሦስቱ ናቸው ይላል።

የሮሊንግ ስቶንስ የ1972 ‹‹ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት›› ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ባለ 18 ዘፈኑ ድርብ አልበም ሲወጣ ድምፁ የተድበሰበሰ፣ ዘፈኖቹም የተበታተኑ ናቸው ያሉ ተቺዎች ነበሩ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከባንዱ ምርጥ ሥራዎች ተርታ፣ ለብዙዎችም ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። በእርግጥ ጊዜ ሁሉንም ድርብ አልበም አያነሳም። ድሪም ቲያተር በ2016 ያወጣው፣ 34 ክፍሎች ያሉትና 130 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ‹‹ዚ አስቶኒሺንግ›› ሲወጣ አድናቂዎቹን ከፍሎ ነበር፤ ዛሬም እንደከፈላቸው ነው።

ወደ ‹‹ሰንጁትሱ›› እንመለስና ሙዚቃውን ከቅርብ እንየው። አሥሩ ዘፈኖች የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ክርክሩን ከማንም ተቺ በላይ ያስረዳል። አጠር ያሉት ዘፈኖች፣ ማለትም ጊታሪስቱ ኤድሪያን ስሚዝ ከድምፃዊው ብሩስ ዲኪንሰን ጋር የጻፋቸው እንደ ‹‹ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል›› እና ‹‹ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት›› ያሉት፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ባንዱን በ1975 በምሥራቅ ለንደን የመሠረተው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ ብቻውን የጻፋቸው ናቸው። ‹‹ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ›› 10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ‹‹ዘ ፓርችመንት›› 12 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ፣ ‹‹ሄል ኦን ኧርዝ›› 11 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ይፈጃሉ። ሲደመሩ ከ34 ደቂቃ በላይ ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ባንዱ በ1980ዎቹ ያወጣቸው አንዳንድ አልበሞች ከሚፈጁት ብዙም የማያንስ ጊዜ ነው። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ፣ በዝግታ የሚጀምሩና አንድን ዜማ ደጋግመው የሚያስሄዱ ሆነው ሳለ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳይገባባቸው ተከታትለው መጥተዋል። አድማጩ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ከ45 ደቂቃ በላይ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ጆሮው በደከመበት ሰዓት ነው። በእኔ ግምት የአልበሙ ትልቁ ስሕተት ርዝመቱ ሳይሆን ይህ አደራደር ነው። ከሦስቱ አንዱ ወደ መጀመሪያው ዲስክ መጥቶ፣ ‹‹ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት›› በመካከላቸው ቢገባ ኖሮ፣ አንድም ሰከንድ ሳይቀነስ ቅሬታው በእጅጉ ይቀል ነበር።

‹‹ሄል ኦን ኧርዝ››ን ለብቻው ለሚሰማው ሰው ግን ዘፈኑ ሌላ ነው። ጊታሩና ቤዙ ለስለስ ብለው ከሁለት ደቂቃ በላይ ዜማውን ይገነባሉ፤ ከዚያ ከበሮው ሲገባ ዘፈኑ ባንዱ የታወቀበትን፣ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚፈጥን ምት ይይዛል፤ መጨረሻ ላይም ወደ ጀመረበት ለስላሳ ዜማ ይመለሳል። መግቢያውን ትርፍ ነው የሚል አድማጭ፣ ቆየት ብሎ በከባድ ጊታር የሚመጣው ዜማ ቀደም ሲል በለሆሳስ የሰማው መሆኑን ልብ አላለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ‹‹ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ››ን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው። አከፋፈቱም ሆነ መንፈሱ ባንዱ በ1998 ካወጣው ‹‹ዘ ክላንስማን›› ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ የጥንቱን ዘፈን የሚያውቅ ሰው አዲሱን ከእሱ ጋር እያስተያየ ከመስማት አያመልጥም። ‹‹ዘ ፓርችመንት›› በሁለቱ መካከል ይቆማል። በከባድ፣ በዘገምተኛ እርምጃ ለረጅም ጊዜ ሄዶ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፍጥነቱን በድንገት ይለውጣል፤ ያ ለውጥ የሚያስደስተውም ቀደም ያለው ዝግታ ስለቆየ ብቻ ነው። ትዕግሥቱ ለሌለው ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ደስታ ዘግይቶ የመጣ ደስታ ነው። ይህን ሰው መውቀስ አይገባም።

ሌላው ብርቱ ቅሬታ ስለ ቀረጻው ነው። ባንዱ ከ2000ው ‹‹ብሬቭ ኒው ወርልድ›› ጀምሮ የሚሠራው ከፕሮዲውሰር ኬቨን ሸርሊ ጋር ሲሆን፣ ሃሪስም በፕሮዲውሰርነቱ ይካፈላል። ‹‹ሰንጁትሱ›› በ2019 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ በሚገኘው ጊዮም ቴል ስቱዲዮ የተቀረጸው፣ እነሱ በሚወዱት መንገድ፣ ሙዚቀኞቹ በአንድነት እየተጫወቱ የመድረክ ስሜት እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ይህ አሠራር ሕይወት ይሰጣል፤ ዋጋም ያስከፍላል። ሦስት ጊታሮች፣ ቤዝ፣ ከበሮና ኪቦርድ በአንድ ላይ ሲሰሙ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ፤ በተለይ የዲኪንሰን ድምፅ ከጊታሮቹ በታች የገባባቸው ቦታዎች አሉ። አድናቂዎች ይህን ሲሉ ተራ ነቀፋ አይደለም፤ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሁሉ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። በአጭር አልበም ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ 82 ደቂቃ ሲቀጥል ግን ጆሮን ያደክማል። በዚህ የተነሳ ስለ ርዝመቱ የሚያማርሩ አንዳንድ ሰዎች፣ ሳያውቁት የሚያማርሩት ስለ ድምፁ ሚክሲንግ (የመሣሪያዎቹና የድምፃዊው ድምፅ ስለተመጣጠነበት መንገድ) ሊሆን ይችላል።

ከሙዚቃው ውጪ ያለው ምክንያት ደግሞ የአድማጩ ዕድሜና ትዝታ ነው። ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሙዚቃ በአማካይ ወደ 24 ዓመት ዕድሜያቸው ሲጠጉ ተወዳጅ የነበረውን ሆኖ አግኝተውታል። አይረን ሜይደንን በ1982 የተዋወቀ ወጣት ‹‹ሰንጁትሱ›› ሲወጣ ወደ ስድሳ ዓመት እየተጠጋ ነው፤ የባንዱ ትክክለኛ መልክ ለእሱ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ፈጣንና ስል ዘፈን ነው። በ2000 ዲኪንሰንና ስሚዝ ተመልሰው የመጡበትን አልበም ይዞ የተነሳው ትውልድ ግን ባንዱን ያወቀው ከእነ ረጃጅም ዘፈኖቹ ነው፤ በ2015 ‹‹ዘ ቡክ ኦቭ ሶውልስ›› የተባለው የባንዱ የመጀመሪያ ድርብ የስቱዲዮ አልበም 92 ደቂቃ ሆኖ፣ በ18 ደቂቃው ‹‹ኢምፓየር ኦቭ ዘ ክላውድስ›› ሲዘጋ ለእሱ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሁለቱ አድናቂዎች በአንድ ኮንሰርት ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ዓይነት ቲሸርት ቢለብሱም፣ የሚወዱት ባንድ አንድ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ አስቀድሞም በግልጽ ታይቶ ነበር፤ ባንዱ በ2006 ‹‹ኤ ማተር ኦቭ ላይፍ ኤንድ ዴዝ››ን ይዞ ሲዞር አዲሱን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ ተጫውቶት፣ ከፊሉ ታዳሚ ሲደሰት ከፊሉ የቀድሞዎቹ የታሉ ብሎ ቅር ተሰኝቷል።

ከዚህ ጋር የተያያዘና በግልጽ የማይነገር ስሜትም አለ፤ እሱም ምስጋና ነው። ዲኪንሰን በ2014 መጨረሻ ላይ በምላሱ አካባቢ ካንሰር ተገኝቶበት በ2015 ታክሞ የዳነ ሰው ነው፤ ‹‹ሰንጁትሱ›› ሲወጣ 63 ዓመቱ ነበር፤ አሁንም ከፍ ባለ ድምፅ ይዘፍናል። ይህን የሚያውቅ አድናቂ አልበሙን የሚሰማው በሌላ ልብ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ዘፈን እንኳ ለእሱ ስጦታ ነው። ይህን ስሜት አከብረዋለሁ፤ እኔም አለብኝ። ይሁን እንጂ ምስጋናና ፍርድ መለየት አለባቸው። ‹‹በዚህ ዕድሜያቸው ይህን መሥራታቸው ይበቃል›› የሚለው አነጋገር ክብር ቢመስልም፣ ሙዚቀኞቹን ዝቅ ባለ መለኪያ መመዘን ነው። ሃሪስ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን የሚጽፈው ሰው እንዲራራለት አይደለም።

ስለ ገንዘብ የሚነሳውን ጥርጣሬ በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ የሽያጭ ማረጋገጫ ደንብ ከ100 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ድርብ አልበም እያንዳንዱ ዲስኩ ለየብቻ እንዲቆጠር ይፈቀድ ነበር፤ በኢንተርኔት በሚደመጥበት ሥርዓት ደግሞ ዘፈኖች 1,500 ጊዜ መደመጣቸው እንደ አንድ አልበም ሽያጭ ይያዛል። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ አጫጭር ዘፈን የሚያጭቁ አልበሞች ጥርጣሬ ቢያስነሱ አይደንቅም። በ‹‹ሰንጁትሱ›› ላይ ግን ስሌቱ ተቃራኒ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተደመጠ እንደ አንድ ስለሚቆጠር፣ የ12 ደቂቃው ዘፈን ከሁለት ደቂቃው የሚበልጥ ጥቅም የለውም። 82 ደቂቃን በአሥር ዘፈን ብቻ መያዝ በዚህ ስሌት የሚያከስር ነው፤ 100 ደቂቃም አይሞላም።

የቀረው ጉዳይ የጊዜ ነው። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 እንዳሳየው፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባገኘው መጠን ብቻ ለነገሩ ያለው ዝንባሌ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ከጅምሩ የጠላው ነገር ከሆነ ግን መደጋገሙ ጥላቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ይህን በድርብ አልበም ላይ ብናሰላው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አርባ ደቂቃ የሚፈጀውን አልበም አራት ጊዜ በሚሰማበት ሰዓት፣ 82 ደቂቃ የሚፈጀውን ሁለት ጊዜ እንኳ አይጨርስም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ሰምቶ መንገድ ላይ ስለሚያቆም፣ የመጀመሪያው ዲስክ ከሁለተኛው የበለጠ ይለመዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠው ፍርድ እንግዲህ አንዱን ግማሽ ደጋግሞ፣ ሌላውን አንዴ ብቻ በሰማ ጆሮ የተሰጠ ነው። በብዙ ድርብ አልበሞች ላይ ሁለተኛው ክፍል ደካማ ነው የሚለው አስተያየት ቶሎ መምጣቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ባንዱ ራሱ የሰጠው መልስ በመድረክ ላይ ታይቷል። በ2022 ባቀረባቸው ኮንሰርቶች የከፈተው በአልበሙ የመጀመሪያ ሦስት ዘፈኖች ሲሆን፣ ከ2023 እስከ 2024 በዘለቀው ጉዞ ግን ‹‹ሰንጁትሱ››ን ከ1986ቱ ‹‹ሰምዌር ኢን ታይም›› ጋር አጣምሮ አቀረበ። ከአዲሱ አልበም አምስት ዘፈኖች ተመረጡ፤ ከእነሱም ውስጥ ‹‹ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ›› እና ‹‹ሄል ኦን ኧርዝ›› ነበሩበት። አስቀድሞ ይቆረጥ ከተባለው ክፍል ሁለቱ ተመርጠዋል ማለት ነው፤ ‹‹ሄል ኦን ኧርዝ››ም ታዳሚው ‹‹ድገሙ›› ካለ በኋላ የሚጀመረው ዘፈን ሆነ። ለአሮጌው ትውልድም ከ1986 ጀምሮ በመድረክ ተጫውተውት የማያውቁትን ‹‹አሌክሳንደር ዘ ግሬት››ን አመጡለት። በ2025 የተጀመረው የ50ኛ ዓመት ጉዞ ደግሞ ከ1980 እስከ 1992 በወጡት ዘጠኝ አልበሞች ላይ ብቻ ስላተኮረ ‹‹ሰንጁትሱ›› አልተካተተበትም። ‹‹ዘ ፓርችመንት›› ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱም ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ይህን ዘፈን በሚመለከት የየራሱን ፍርድ መስጠት የሚፈልግ አድናቂ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ሁለተኛውን ዲስክ ከመጀመሪያው ለይቶ፣ በሌላ ቀን፣ ጆሮው ሳይደክም መስማት።